ከኢቨርዶን እስከ ግሩዬር፦ በወረቀት ላይ የተገነቡ ዓለማት

በስዊዘርላንድ፣ ከጄኔቭ ተነሥቶ በጁራ ተራሮች ግርጌ የሚያልፈው የባቡር ጉዞ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በኒውሻቴል ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ከምትገኘው ኢቨርዶን ሌ ባን ያደርሳል። አብዛኛው ጎብኚ ይህችን ከተማ የሚያውቃት በፍል ውኃዋና መምህሩ ፔስታሎዚ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ባቋቋመበት አሮጌ ግንብ ነው። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ግን በፔስታሎዚ አደባባይ ላይ የቆመው፣ ቀድሞ እስር ቤት የነበረ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ዛሬ ሜዞን ዳዬር የተባለውን የሳይንሳዊ ልብወለድና የምናባዊ ጉዞዎች ሙዚየም ይዟል። የድሮ አስፈሪ ታሪኮችን፣ የሳይንሳዊ ልብወለድንና የፋንታሲን ሥዕሎች ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ለዓመታት የማውቃቸው በኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለነበር፣ የታተሙበትን ወረቀት ራሱን በቅርብ የማየት ጉጉቴ ከፍተኛ ነበር።

ሙዚየሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። መሥራቹ ፒየር ቬርሲን ከአውሽዊትዝ ማጎሪያ በሕይወት የተረፈ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ሌሎች አንብበው የሚጥሏቸውን መጻሕፍት፣ መጽሔቶችና ሥዕሎች ሲሰበስብ ኖሮ ክምችቱን በሙሉ ለኢቨርዶን ከተማ አስረክቧል። የሰው ልጅ የከፋውን ነገር ሲያደርግ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ ሌሎች ዓለማትን ያለሙትን ሰዎች ሥራ ለማዳን መነሣቱን ሳስብ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ሙዚየሙ ወደ ቀድሞው እስር ቤት የገባው በ1991 ነው።

ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት ፐልፕ በሚባሉት የአሜሪካ መጽሔቶች ፊት ነው። መጽሔቶቹ የሚታተሙት ከእንጨት ድቃቂ በርካሽ በሚሠራ ወረቀት ላይ ነበር። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱን ያጠቁረዋል፤ አሲዱም ቃጫውን እያደረቀ ይበላዋል፤ በመጨረሻ ገጹ ሲገለጥ ይሰባበራል። ሽፋኑ ግን በተሻለ ወረቀት ስለሚታተም ቀለሙ ሳይደበዝዝ ይቆያል። አንዱን መጽሔት ከመስታወቱ ጥግ ዝቅ ብዬ ከጎን ስመለከተው፣ የውስጥ ገጾቹ ጠርዝ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሮ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ቢጫ ሰማይ ግን ትናንት የታተመ ይመስል ነበር። ይህን በኮምፒውተር ማየት አይቻልም፤ ምክንያቱም ሥዕሉን የሚያሳዩን ሰዎች ሽፋኑን ከፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያነሡት።

ሁጎ ገርንስባክ አሜዚንግ ስቶሪስ የተባለውን መጽሔት በሚያዝያ 1926 ሲጀምር፣ ለሳይንሳዊ ልብወለድ ብቻ የቆመ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሔት ሆነ። ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር። የመጀመሪያውን ሽፋን የሣለው ፍራንክ ፖል በኦስትሪያ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ በሥነ ሕንፃ የሠለጠነ ሰው ነው። በዚያ ሽፋን ላይ ግዙፏ ፕላኔት ሳተርን ከነቀለበቷ ሰማዩን ሞልታ ሳለ፣ ከታች ሰዎች በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ፖልን ከሌሎች አስበልጬ የምወደው ለዚህ የሥነ ሕንፃ ዕውቀቱ ነው። የሣለው ከተማ በአየር ላይ ቢንሳፈፍም ምሰሶው ክብደቱን የት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ደረጃው ከየትኛው ፎቅ እንደሚያገናኝ ይታወቃል። ተመልካቹ የማይቻለውን ነገር የሚያምነው ሠዓሊው የሚቻለውን በትክክል ስለሠራለት ነው። ፊቶቹ ግን ደካማ ናቸው፤ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

በ1923 የተጀመረው ዊርድ ቴልስ የተባለው የአስፈሪ ታሪኮች መጽሔት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1930ዎቹ ብዙዎቹን ሽፋኖቹን የሠራችው ማርጋሬት ብረንዴጅ በፓስቴል ጠመኔ ትሥል ስለነበር፣ ጥላው ከብርሃኑ ጋር ያለ መስመር ይዋሐዳል። ጠመኔው በቀላሉ ስለሚበላሽም ከሥራዎቿ ዋናዎቹ ሥዕሎች ጥቂቶቹ ብቻ ተርፈዋል።

ከዋናው ሕንፃ ጋር በመተላለፊያ የተገናኘው የፈረንሳዊው ደራሲ የዡል ቬርን ክፍል በ2008 ተከፍቷል። የቬርን አሳታሚ ኤትዘል በቀይና በወርቅ ያስጌጣቸውን ጥራዞች እዚያ ማየት ብቻ ጉዞውን የሚያካክስ ነው። ሥዕሎቹ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ናቸው፤ ሠዓሊው በጠንካራ እንጨት ላይ ይሥላል፣ ቀራጩ ብርሃን መሆን ያለበትን ቦታ በጥቃቅን ስለት እየፈለፈለ ያወጣል፣ ያልተነካው ቀለም ይዞ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ የቬርን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ካፒቴን ኔሞ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ግዙፉን የባሕር እንስሳ የሚመለከትበት ዝነኛ ሥዕል ላይ፣ የባሕሩ ጨለማ ማንም ያልነካው እንጨት ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ከዚያ ጨለማ ውስጥ በእጅ ተፈልፍሎ የወጣ ነው።

በ1863 በታተመው የቬርን የፊኛ ጉዞ ልብወለድ ሥዕሎች ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ተጓዦቹ ከዛንዚባር ተነሥተው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በአፍሪካ ላይ ሲበሩ፣ የፊኛው ገመድና ቅርጫት አንድ በአንድ በጥንቃቄ ሲሣሉ፣ ከታች ያለው የአፍሪካ ሕዝብ ግን በችኮላ የተሣለ ጭፍራ ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ አይቼ ላደግሁ ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ፍቅሬን አልቀነሰውም፤ ሆኖም እነዚህን ሥራዎች የሚወድ ሰው ይህንንም አብሮ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ በቡል በኩል ወደ ግሩዬር ሄድኩ። መንደሯ በአይብዋ የታወቀች፣ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከባቡር ጣቢያው ዳገቱን በእግር መውጣት ይቻላል። ሠዓሊው ሃንስ ሩዲ ጊገር በ1998 የራሱን ሙዚየም የከፈተው እዚያ፣ በሳን ዠርመን ግንብ ውስጥ ነው። በ1979 ለወጣው ኤሊየን ፊልም አስፈሪውን ፍጡር የፈጠረው እርሱ ሲሆን፣ በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር የኦስካር ሽልማት ተቀብሎበታል። እርሱም እንደ ፖል የሥነ ሕንፃና የኢንዱስትሪ ዲዛይን ትምህርት የቀሰመ መሆኑን ያስተዋልኩት ከሥዕሎቹ ፊት ስቆም ነው። ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጨው መሣሪያ፣ በኤርብራሽ፣ የተረጨው ግራጫና ቡናማ ቀለም የብሩሽ ዱካ የለውም፤ ቧንቧው ከአጥንት፣ አጥንቱ ከብረት የት ላይ እንደሚገናኝ ግን መገጣጠሚያው ሁሉ በግልጽ ይታያል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ፍጡሩ ሊሠራ የሚችል ይመስላል። በ2003 የተከፈተውና ከሙዚየሙ ማዶ ያለው ቡና ቤት ጣሪያ ደግሞ በግዙፍ የአከርካሪ አጥንቶች ቅስት የተሠራ በመሆኑ፣ ጎብኚው ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ሁለቱን ለማየት ለሚያስብ ሰው የምመክረው መጀመሪያ ኢቨርዶንን አይቶ ወደ ግሩዬር እንዲሄድ ነው፤ ከወረቀቱ ተነሥቶ የመጣ የጊገርን ሥራ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ሜዞን ዳዬር ትርኢቶቹን በየጊዜው ስለሚቀያይርና ከብዙው ክምችት ለእይታ የሚቀርበው ጥቂቱ ስለሆነ፣ ፐልፕ መጽሔቶቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ከመነሣቱ በፊት ደውሎ ቢጠይቅ ይሻላል።