ጠርሙስ ውስጥ የተገኘችው ፀሐይ

ደሴ ፓቶሎጂ ክፍል፣ ከታካሚ የተቆረጠ ሥጋ የሚመረመርበት ቦታ፣ የሠራ ሰው ናሙና በምን በምን እንደሚመጣ ያውቃል። በማርማላታ ጠርሙስ ይመጣል፣ በማር ዕቃ ይመጣል፣ ሲብስ ደግሞ በሃይላንድ። የሃይላንዱ ጣጣ ልዩ ነው። ሥጋው ሲገባ ለስላሳ ነው፤ እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን ፎርማሊን ጠጥቶ ሲጠነክር በአንገቱ አልወጣም ይላል። ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደን ነው የምናወጣው። ይህን የማወራው ለሳቅ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ ያለው እዚሁ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

አንድ ተመራማሪ መጣ። ውጭ አገር ሆኖ የሳንባ ካንሰርንና ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ ካንሰር ዘረመል የሚያጠና፣ ጎበዝ፣ ቀልጣፋ ልጅ። እናቱ የሐይቅ ሰው ናት። የቆዩ ብሎኮቻችንን፣ ማለትም በሰም ውስጥ ያስቀመጥናቸውን ናሙናዎች፣ ለጥናት ሊወስድ ፈቃዱን ሁሉ ጨርሶ ነው የመጣው፤ ደብዳቤው ላይ ያለው የማህተም ብዛት ራሱ ያስፈራል። እሱ «ጋሼ» ይለኛል፣ እኔ «ዶክተር» እለዋለሁ። እስከዚህ ሰላም ነን።

መጀመሪያ ሴሚናር ሰጠን። ሐቁን ለመናገር አሳምሮ ነው ያስረዳው። ካንሰሩን ያመጣው ነገር ዲኤንኤው ላይ አሻራውን ትቶ ይሄዳል አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዙ ሳንገር ተቋም ሰዎች የአንድ ሜላኖማንና የአንድ የሳንባ ካንሰርን ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር አንብበው አወጡ። ሜላኖማው ላይ ከ33 ሺህ በላይ የፊደል ለውጥ ተገኘ፣ ሳንባው ላይ ወደ 23 ሺህ። የሳንባው በሲጋራ ሲሰላ በየ15 ሲጋራው አንድ ለውጥ ገደማ ይደርሳል። (ይህን ሲናገር ከኋላ የተቀመጠው አጫሽ ባልደረባችን ኪሱን ሲዳብስ አይቼዋለሁ።) የፀሐይ አሻራ ደግሞ «ሲ» የሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ወደ «ቲ» መቀየሩ ነው። በተለይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲዎች አንድ ላይ ቲቲ ሆነው ከተገኙ ፀሐይ ለመሆኗ ጥሩ ምስክር ነው። ይቺን ነገር ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

ቀጥሎ መጠይቅ ወጣ። ክትትል ላይ ያሉትን ታካሚዎች ስናናግር እንዳግዘው ለመነኝ፤ እሺ አልኩ። መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ግን ኩታበርን በካርታ እንኳ ያየ አይመስለኝም።

አንዲት የሳንባ ታካሚ እናት ገቡ።

«እማማ፣ በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ማን? እኔ?» ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው ሊነሱ ነው።

«አብሽሩ እማማ፣ ወረቀቱ ነው የሚጠይቀው» ብዬ በመከራ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ጭስ የሚያውቁት ከማድቤት ነው። ወረቀቱ ላይ የማድቤት ጭስ የሚል ቦታ የለም። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሴቶች የሳንባ ካንሰር ላይ ኢጂኤፍአር የሚባለው ዘረመል ተለውጦ መገኘቱ የሚዘወተር መሆኑን፣ ለዚያም የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ በሴሚናሩ የነገረን ራሱ ነው። ወረቀቱ አልሰማም መሰለኝ።

ከዚያ የኩታበሩ አባባ መጡ። ጥቁሩ ነገር የወጣባቸው ግራ እግራቸው መርገጫ ላይ ነው። ሜላኖማ የነጭ በሽታ ነው የሚል ሐኪም ዛሬም አይጠፋም። ቦብ ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1981 የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተነሳ ሜላኖማ እንደነበር ስንነግራቸው ይገረማሉ። እኛ ጋ ደግሞ ሜላኖማ ስናይ በአብዛኛው ከመርገጫ ነው።

«አባባ፣ ፀሐይ አቃጥሎዎት ቆዳዎ ተልጦ ያውቃል?»

አባባ መጀመሪያ እሱን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን። «ልጄ፣ ፀሐይ ያላቃጠለው ገበሬ ወዴት አለ? ግን እሷ ከላይ ናት። ቁስሌ ከታች ነው።»

«አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ብሎኮቹን ይዞ ሄደ።

ከወራት በኋላ በቴሌግራም ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ደስታው ግን በደንብ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ተገኘች!»

«ማን?»

«ፀሐይዋ! የኩታበሩ አባባ ናሙና በሲ ወደ ቲ ተሞልቷል። መርገጫ ላይ እኮ የፀሐይ አሻራ ብዙም አይገኝም፤ ትልቅ ነገር ነው።»

«ዶክተር፣ ሰውየው በእጃቸው ነው እንዴ የሚሄዱት?»

ሳቀ። «የለም፣ ምናልባት ሲያርፉ እግራቸውን ዘርግተው…» ብሎ ጀመረ። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ጋ ሄዷል። ያ ናሙና የመጣበት የማርማላታ ጠርሙስ ፊቴ ላይ መጣ። ቀዶ ጥገናው የተሠራው ሌላ ቦታ ነው። ጠርሙሱ ለልጃቸው ተሰጠው፤ ልጁ አጨዳ ላይ ነበር፣ ብርም አልነበረውም። አጨዳው አልቆ እህሉ እስኪሸጥ ጠርሙሱ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ወደኛ ሲደርስ ሥጋው እንደ ቆሎ ደርቆ ነበር፤ ናሙናውን በስሱ የሚቆርጠው ማሽን፣ ማይክሮቶሙ፣ ላይ እየተፈረካከሰ ደህና ቁራጭ እስካገኝ ድረስ መከራዬን አይቻለሁ።

«ጠርሙሱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይተሃል?» አልኩት።

«ሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም።»

«መዝገቡ ላይ ተጽፏል። የተቆረጠበትም፣ የገባበትም ቀን። የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

ዝም አለ። በሙያው ላሉት አዲስ ነገር አይደለም፤ ፎርማሊን ውስጥ ሲከርም ዲኤንኤው ይቆራረጣል፣ ሲውም በአብዛኛው ነጠላ ነጠላውን ይጎዳና ማሽኑ ቲ ብሎ ያነበዋል። ያቺ ፀሐይ ከሰማይ ሳትሆን ከጠርሙሱ ልትሆን ትችላለች።

«ጋሼ፣ እሱን ኮምፒውተሩ ያጣራዋል» አለ ቆይቶ። «ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው። እርስዎ በብሎኩ በኩል ካገዙን ይበቃል።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ብሎኩን የሠራሁት እኔ፣ የቆረጥኩት እኔ፣ ቴክኒካል ነገር ሲመጣ ግን አይመለከትህም። ድምፄን ሳላነሳ ጠየቅኩት።

«ቲቲዋስ አለች?»

«እ?»

«ሁለት ሲዎች አብረው ቲቲ የሆኑበት። በሴሚናሩ ያልከንን ነው።»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማኝ። ብዙ ነካካ። «መልሼ ልደውልልዎ» አለና ዘጋ።

አልደወለም። አንድ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ግን ሲያቀርብ ሰማሁት። ከገጠር የሚመጡ ናሙናዎች ፎርማሊን ውስጥ ስለሚቆዩ የሐሰት የፀሐይ አሻራ ሊያሳዩ እንደሚችሉ፣ ይህንንም ቡድኑ በጥንቃቄ እንደደረሰበት ተናገረ። ሳይንሱን አንድም አላሳሳተም። እኔም ካሜራዬን አጥፍቼ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር። የመጨረሻው ስላይድ ላይ «የላብራቶሪ ባለሙያዎች ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» የሚል መጣ።

ሥልጠናውም አልቀረ፣ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተዘጋጀ። ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ሄድን። አሥር ፐርሰንት ኒውትራል ባፈርድ ፎርማሊን፣ ለዘረመል ምርመራ ከ6 እስከ 48 ሰዓት፣ አፈ ሰፊ ዕቃ፣ የሰዓት ምዝገባ። ሁሉም ልክ ነው። ስንመዘግብ የኖርነው እኛ ተጠራን፤ ጠርሙሱን «ደሴ ውሰዱት» ብሎ ለቤተሰብ የሚያስይዘው ክፍል ግን አንድም ሰው አልላከም። ትራንስፖርት የሚል ርዕስ ፕሮግራሙ ላይ ፈልጌ አጣሁ። አዲሱን ቅጽ ግን ወድጄዋለሁ፤ ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት የሚል መስመር ተጨምሮበታል። ቆዳዎ ተልጦ ያውቃል የሚለው ጥያቄም እንዳለ ነው።

ሊያበቃ ሲል ተመራማሪው ማይኩን ይዞ ወደኔ መጣ። «ጋሼ የደሴው አንጋፋችን ናቸው። የሚጨምሩት ነገር ካለ?»

የምሳ ሰዓት አልፏል፤ አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ያያል።

«ስለ ቲቲዋ አልነገርካቸውም» አልኩት።

ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ነገራቸው። አበሉ በማግስቱ ገባ።