ራሷን ያማታል

የምሠራው ኦስሎ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ ረዳት ነርስ ነኝ። አዲስ ታካሚ ሲገባ መጀመሪያ ከምንጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳሉት ነው። ለወሬ አይደለም። ከ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የኖርዌይ ሕግ በአእምሮ ሕመም፣ በሱስ ወይም በከባድ የአካል ሕመም የሚታከሙ ወላጆች ልጆች ምን እንደሚያስፈልጋቸው እንድናጣራ ያስገድደናል። በሆስፒታል ይህን ብቻ የሚከታተል፣ የልጆች ተጠሪ የሚባል ባልደረባም ይመደባል። የአገሬው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የልጆቻቸውን ስምና ዕድሜ ይነግሩናል። የእኛ ሰዎች ግን ሐበሻ መሆኔን እያዩ፣ ምናልባትም ሐበሻ በመሆኔ፣ «የሉኝም» ይላሉ። ማታ ልጆቹን በአንድ ቃል የካደ አባት፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኩ ሲበራ የልጆቹ ፎቶ ሲስቅ አይቻለሁ።

አልፈርድበትም። የሕጻናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ሁላችንም ባርነቬርን እያልን በኖርዌይኛ ስሙ ነው የምንጠራው፤ ስሙ ሲነሳ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም የሚል ሰው ያላወቀ ነው። በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2019 ኖርዌይ የቤተሰብን መብት ጥሳለች ብሎ ፈርዶባታል። በ2021 ደግሞ ልጇ ከሃይማኖቷ ውጪ ለሆነ ቤተሰብ በተሰጠባት በአንዲት ሶማሌያዊት እናት ጉዳይ እንደገና ፈርዶባታል። ይህን ሁላችንም እንሰማለን፤ እናወራዋለን። ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ርዳታ አብዛኛው ልጁ ከእናት ከአባቱ ጋር፣ በገዛ ቤቱ እንዳለ የሚደረግ መሆኑን ግን የሚያወራልን የለም። በዚያ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ሌላ ፍርሃት አለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም በሰፈር ውስጥ ስድብ ሆኖ እንዴት እንደሚወረወር ያውቃል።

አንዲት እናት አውቃለሁ፤ በሥራዬ ሳይሆን በጉርብትና። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ የሚያስለያትን ነገር ግን ቀይሬያለሁ። እሷም ባሏም በሰሃራና በሊቢያ አድርገው፣ ባሕሩን ተሻግረው የመጡ ናቸው። የበኩር ልጃቸው ሴት ናት፤ ከእሷ በታች ሁለት ወንዶች አሉ። እናትየዋ የመጨረሻውን ልጅ ከወለደች በኋላ እንቅልፍ ራቃት። ጎረቤቶች በግድግዳው በኩል ስለ እሷ የሚያወሩ መሰላት። ቴሌቪዥኑ ያየኛል ብላ በነጠላ ሸፈነችው፤ ልጆቹም በነጠላው ጨርቅ ውስጥ እያሾለቁ ካርቱን ያዩ ነበር።

የቤተሰቡ ሐኪም ዘንድ በሄዱበት ቀን አስተርጓሚ አልተገኘም። ሐኪሙ ጊዜ አልነበረውምና ልጅቷ ታስተርጉም ተባለ፤ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። እናት በአማርኛ «በጭንቅላቴ ውስጥ ሰዎች ይናገራሉ፤ ልጁን እንዳታምኚው፣ ልጅሽ አይደለም ይሉኛል» አለች። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና በኖርዌይኛ «ራሷን ያማታል» አለች። የራስ ምታት ክኒን ታዘዘ። ከዓመታት በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳለች ስጠይቃት «እንዳይወስዷት ነዋ፣ እትዬ» ብላ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በጸናው የአስተርጓሚ ሕግ፣ ሕይወትን እንደሚያሰጋ ያለ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በስተቀር ልጅን ማስተርጎም ክልክል ነው። ሕጉ ግን ሐኪሙን እንጂ እኛን አይከለክልም፤ «ልጄ ታስተረጉምልኛለች» እያልን የአስተርጓሚውን ቀጠሮ የምንሰርዘው እኛው ነን።

አባትየው ሌሊት አውቶቡስ ያጸዳ ነበር፤ ቀን መተኛት አቃተው። መጠጡን የጀመረው ለእንቅልፍ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የእንቅልፉን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰባብረዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ሲነሳ ከመተኛቱ በፊት ከነበረው የባሰ ደክሞት ይነሳል፤ በማግስቱም ይጨምራል። በኖርዌይ መጠጥ ውድ ነው፤ ጠንከር ያለውን የሚሸጠው የመንግሥት ሱቅ ደግሞ እሑድ ዝግ ነው። እሱ ግን ወደ ስዊድን ድንበር፣ ወደ ስቪነሱንድ መሄድ ለመደ። ለልጆቹ «ሥጋ ልንገዛ ነው» ይላቸው ነበር። እውነትም ሥጋ ይገዛል። ሲመለሱ ሥጋው በልጆቹ እግር ሥር ይሆናል፤ የኋላው የመኪና ሣጥን ለጠርሙሶቹ ነው።

አይማታም፤ አይሳደብም። ጠጥቶ ሶፋው ላይ ይተኛል። የሚያውቁት ሁሉ «ጠጥቶ እኮ አይረብሽም» ይሉለት ነበር፤ እንደ ምስጋና መሆኑ ነው። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጅ የሚያስፈልገው የማይመታ አባት ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ሕጻኑ ትኩሳት ሲይዘው ብድግ የሚል ሰውም ያስፈልገዋል። በዚያ ቤት ብድግ የምትለው ልጅቷ ነበረች። የእናቷን ስልክ የምትይዘውም እሷ ነበረች፤ ከትምህርት ቤትና ከመዋዕለ ሕጻናት የሚመጡትን መልእክቶች ታነባለች፤ ትመልሳለች። ራሷ ቀርታ እናቷን መጠበቅ ባለባት ቀን በእናቷ ስም «ልጄ ዛሬ ትኩሳት አላት፤ አትመጣም» ብላ ለአስተማሪዋ ትጽፋለች። ኖርዌይኛው ከእናቷ ኖርዌይኛ እጅግ የተሻለ መሆኑ አንድም ሰው አልገረመውም።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር አካሏ ላይ የወጣው በሆድ ቁርጠት ነው። ሰኞ ሰኞ ይብስባታል፤ እሑድ አባቷ አብዝቶ የሚጠጣበት ቀን ነውና። የደም፣ የሽንት፣ የአልትራሳውንድ ምርመራ ተደረገላት። «ምንም የለም» ተባለ። ሕመሙ ግን የውሸት አልነበረም። ልጅ አደጋ ሲሰማው ልቡ ይፈጥናል፤ አንጀቱ ይኮማተራል፤ አካሉ ለመሮጥ ይዘጋጃል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ቢሆን ጉዳት የለውም። በየቀኑ ሲሆን እንቅልፍ ይሄዳል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ትምህርት አይገባም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቅ አልጋ ላይ የተኛው መካከለኛው ልጅ እንደገና ይሸና ጀመር። የትንሹ አስም በየጊዜው ያገረሽበት የነበረው መድኃኒቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ጠዋትና ማታ የሚነፋለት ትልቅ ሰው ጠፍቶ ነው።

ነገሩ በልጅነት የሚቀርም አይደለም። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ፣ በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ የመሩት ጥናት የመጀመሪያ ውጤቱን በ1998 አሳትሟል፤ በጠቅላላው ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀውበታል። ከጥያቄዎቹ መካከል ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም ጠጪ ነበረ ወይ የሚሉት ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለ መከራ በተደራረበባቸው ሰዎች ላይ ካደጉም በኋላ የልብ ሕመሙም፣ የሳንባ ሕመሙም፣ ድባቴውም፣ ሱሱም በዝቶ ተገኝቷል። እንዲህ ያደገ ሁሉ ይታመማል ማለት ግን አይደለም፤ ጥናቱም ይህን አላለም።

ቋጠሮውን የፈታችው የትምህርት ቤቷ ነርስ ነች። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቷት እንደሆነ አላውቅም፣ «ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የምታዪው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ «የእማዬን እግር» አለች። ለምን ስትባል፣ «ጫማ ካደረገች ልትወጣ ነው፤ ከወጣች ደግሞ መንገድ ይጠፋታል።»

ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ ጀምበር የሆነ አይደለም፤ ላሳጥረው። እናትየዋ ሆስፒታል ገባች፤ በአስተርጓሚ፣ በራሷ ቃል ተናገረች። ባርነቬርንም መጣ። ልጆቹን አልወሰደም። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን የምታለባብስና የምታደርስ ሴት መደበላቸው። አባትየው ከብዙ እምቢታ በኋላ የሱስ ሕክምና ጀመረ። ጸበል የሚያጠምቋት አባት ደግሞ «ክኒኑን እንዳታቋርጪ፣ ልጄ» አሏት፤ የእሳቸው ቃል ከእኛ ከሁላችን ምክር በላይ ሠራ።

ሕክምናው ሲደላደል ቤተሰቡ በአንድነት ስለ ሕመሙ እንዲነጋገር ተደረገ። የቦስተኑ የሕጻናት የአእምሮ ሐኪም፣ ዊልያም ቢርድስሊ፣ ያበጁት ዘዴ ነው፤ የሰሜን አውሮፓ አገሮችም ወስደው ይሠሩበታል። መጀመሪያ ወላጆች ለብቻ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይነጋገራል፤ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕመሙንም በስሙ የሚናገሩት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። አባትየው አንገቱን ደፍቶ «መጠጥ አሸንፎኛል» ሲል ልጅቷ «እናውቃለን፣ አባባ» አለችው። መካከለኛው ልጅ እናቱ የታመመችው እሱ ስለሚጮህ እንደሆነ ጠየቀ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ይህን በሆዱ ይዞ ኖሯል። ልጅቷ የጠየቀችው «ለእኔም ይተርፋል ወይ?» ብላ ነው። ሐኪሟ አልዋሸቻትም። በዘር ሊመጣ የሚችል ነገር ስላለ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ግን እንዲህ ያለ ወላጅ ካላቸው ልጆች አብዛኞቹ ይህ ሕመም አይዛቸውም አለቻት።

አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። ፈተና ሲደርስ ሆዷን ይቆርጣታል፤ እናቷ ስልክ ካላነሳች ከክፍል ወጥታ ወደ ቤት ትሮጣለች። «ልጆች ምን ይገባቸዋል፤ ይረሱታል» የሚሉኝ ሰዎች ቢያዩአት ደስ ይለኝ ነበር።

ዕድራችን ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ገንዘብ ይሰበስባል፤ ድንኳኑና ንፍሮው እንኳን አይጓደልም። እናት ወይም አባት በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ ግን ለልጆቹ ወጥ የሚያደርስ፣ ቅዳሜን ወስዶ የሚያውላቸው አንድ ቤት እንኳን አይመድብም፤ ሕመሙ ስለማይነገር አይታወቅማ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጉዳይ አጀንዳ እንዲሆን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ሰብሳቢያችን «የተለያዩ ጉዳዮች» የሚለው ተራ ቁጥር ሥር አድርገውታል፤ ከአዳራሹ ኪራይ ቀጥሎ።