ከጣት አሻራ በኋላ

ዛሬ ዕቃ ሳስተካክል ህንድ እያለሁ የምጽፍባት ሰማያዊ ደብተር ከካርቶን ስር ወጣች። አንድ ገጽ ላንብብ ብዬ መሬት ቁጭ እንዳልኩ ጨረስኳት፣ አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰአት ሆኗል፣ እንቅልፍም የለም፣ እና ያነበብኩት ከውስጤ ሳይበርድ ልጻፈው።

ለማስተርስ ነበር የሄድኩት። ሁለተኛው አመት ላይ ለቴሲስ ብለን ከክፍሌ ልጆች ጋር ራጃስታን ውስጥ ከአጅሜር ከተማ ወጣ ወዳለች አንዲት የገጠር መንደር ታህሳስና ጥርን ስንመላለስ ከረምን። የመንደሯን ስም አልጽፍም፣ የሴቶቹንም አልጽፍም፣ የነገሩኝ የቤታቸውን ገመና ነውና። ሂንዲ ብዙ ስለማልችል አብራኝ የምትማር የጃይፑር ልጅ ነበረች የምታስተረጉምልኝ።

የምንከታተለው የሴቶች ራስ አገዝ ቡድን ነው። እኛም አገር በዚሁ ስም አለ አይደል፣ አሰራሩ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከዚያው ከህንድ መሆኑን ግን እዚያ ሄጄ ነው ያወቅኩት። አስራ አንድ ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ስር ምንጣፍ አንጥፈው ክብ ሰርተው ይቀመጣሉ፣ መጀመሪያ መዝሙር ይዘምራሉ፣ ከዚያ በየተራ 20 ሩፒ ያወጣሉ፣ በየሳምንቱ። ሳጥኑ አንዷ ቤት ቁልፉ ሌላዋ ቤት ነው የሚያድረው። ሂሳብ የምትጽፈው እስከ 10ኛ ክፍል የተማረች የአንዷ ምራት ናት፣ በእድሜ ከሁሉም ታንሳለች፣ አማቷ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ሂሳብ ስታነብ በጸጥታ ነው የምታዳምጣት። ሽማግሌ ወንድ በበሩ ካለፈ ሁሉም ሻሻቸውን እስከ አገጫቸው ያወርዱታል፣ ካለፈ በኋላ መልሰው ገለጥ አድርገው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንደሱ እያወረዱና እየገለጡ ነው እንግዲህ ስለ ብድር የሚወስኑት፣ ለማን ይሰጥ፣ በስንት ጊዜ ይመለስ። እርስ በርስ በወር 2 ፐርሰንት ነበር የሚበዳደሩት፣ የመንደሩ አራጣ አበዳሪ 5 ነበር የሚጠይቀው፣ ልጅ ታሞ ሌሊት በሩን ካንኳኳሽ ደግሞ ከዚያም በላይ።

አምስት ደንብ አላቸው፣ ፓንችሱትራ ይሉታል፣ ሳይቋረጥ መሰብሰብ፣ መቆጠብ፣ መበዳደር፣ መክፈል፣ መዝገቡን በጊዜው መጻፍ። ይሄው ነው። በ1992 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ናባርድ የሚባለው የገጠር ልማት ባንክ ለሙከራ 500 ቡድን ከባንክ ጋር ላገናኝ ብሎ የጀመረው ነገር ዛሬ መንግስት በ2011 በጀመረው ፕሮግራም ስር ብቻ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች ደርሷል። ቁጥሩን ክላስ ውስጥ ስሰማው ምንም አልመሰለኝም ነበር፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ አስራ አንዱን ሳያቸው ነው የገባኝ።

ደብተሬ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩት ግን ስለ ብሩ አይደለም፣ ስለ ፊርማ ነው።

በሂንዲ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ሲሰደብ "አንጉታ ቻፕ" ይሉታል፣ በአውራ ጣቱ የሚፈርም እንደማለት። ቡድኑ ሲቋቋም ከአስራ አንዱ ሰባቱ በአውራ ጣት ነበር የሚፈርሙት፣ እና ተስማምተው ሁሉም ስሟን መጻፍ እስክትችል ድረስ በየስብሰባው መጨረሻ ሩብ ሰአት ልምምድ አደረጉ። እኔ ስደርስ ሁሉም ይፈርሙ ነበር። አንዲት ሃምሳ አመት የሚሆናት ሴት መዝገቡን ተቀብላ ስሟን ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ነክሳ፣ ፊደላቸው ደግሞ ከላይ ባለው መስመር ላይ እንደተሰጣ ልብስ ነው የሚንጠለጠለው፣ መጀመሪያ ፊደሎቹን ትደረድርና መጨረሻ ላይ ያን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ስባ ትዘጋዋለች። የዛን ቀን እንባዬ መጣ። ጓደኛዬ ያኔ ነው የአህመዳባድን ታሪክ የነገረችኝ፣ ኤላ ባት የምትባለው የህግ ባለሙያ በ1972 ሴዋ የሚባለውን የሴት ሰራተኞች ማህበር አቋቁማ በ1974 ደግሞ 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ሊከፍቱ ሲሉ መፈረም ለማይችሉ ሴቶች እንዴት ባንክ ይመዘገባል ተባሉ፣ እና መስራቾቹ ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ ስማቸውን መጻፍ ሲለማመዱ አድረው ጠዋት ሄደው ፈረሙ። አትክልት የሚሸጡ፣ ጋሪ የሚጎትቱ ሴቶች ናቸው እነዚህ። ባንኩ እስካሁን አለ።

እስከ ሶስተኛው ሳምንት ድረስ እኔም ፊርማን የማውቀው እንደዚህ ብቻ ነበር፣ እንደ ደስታ።

በሶስተኛው ሳምንት የህግ በጎ ፈቃደኛ የሆነች ሴት መጣች። ህንድ ውስጥ በ1987 አዋጅ ሴት የሆነች ሁሉ፣ ሀብታም ትሁን ደሃ፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ነፃ ጠበቃ የማግኘት መብት አላት፣ እና በዚያ ስር የሰለጠኑ የመንደር ሰዎች አሉ፣ ጠበቃ አይደሉም፣ መንገዱን የሚያሳዩ ናቸው። በስእል የተሰራ ትልቅ ደብተር ዘርግታ ጀመረች። ስለ 2005ቱ የቤት ውስጥ ጥቃት ህግ ነገረቻቸው፣ ቤቱ በስምሽ ባይሆንም ከምትኖሪበት ቤት እንዲሁ ተነስቶ ማንም አውጥቶ ሊጥልሽ አይችልም ስትል ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፣ ደግማ እንድትለው ጠየቋት፣ ደገመችው። 181 የሚለውን የሴቶች የእርዳታ ስልክ ቁጥር ሁሉም በቃላቸው እንዲይዙ አደረገች። ከዛ ወደ መሬት መጣች።

ህጉን ባጭሩ ልጻፈው ምክንያቱም እኔም ያኔ ነው የተማርኩት። ከ2005 በፊት በሂንዱ የውርስ ህግ ሴት ልጅ በቤተሰቡ የጋራ ርስት ላይ ወንድሟ ስለተወለደ ብቻ የሚያገኘው አይነት ድርሻ አልነበራትም፣ ቀደም ብለው ያሻሻሉ ጥቂት ክልሎች ነበሩ እንጂ። በ2005 ህጉ ተሻሽሎ እኩል ሆነች፣ የእርሻ መሬትን ለብቻው የሚያስቀረው አንቀጽም ተሰረዘ፣ በ2020 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አባቷ ከ2005 በፊት ሞቶም ቢሆን መብቱ አላት አለ፣ መብቱ የሚመጣው ከመወለዷ ነው እንጂ ከአባቷ መኖር አይደለም ብሎ። ህጉ ሙስሊሞችንና በህገ መንግስቱ የተመዘገቡ ጎሳዎችን አይመለከትም፣ የነሱ ሌላ ነው። የዚህ መንደር ሴቶች ግን በህጉ ስር ናቸው።

እና ሴትየዋ ጠየቀች፣ "ከእናንተ መሃል ከአባቷ መሬት ድርሻዋን የወሰደች ማናት?" ማንም እጇን አላወጣችም። ከዛ ሳቁ፣ የሀፍረት ሳቅ ነው። አንዷ "ዲዲ" አለቻት (ዲዲ ታላቅ እህት ነው፣ እንደኛ እትዬ)፣ "ዲዲ፣ መሬቱን ከወሰድኩ ለልጄ ሰርግ ማይራ ማን ያመጣልኛል?"

ማይራ ማለት የእህት ልጅ ሲዳር አጎት ልብስና ወርቅና ብር ይዞ ዘመድ አስከትሎ የሚመጣበት ወግ ነው። ወንድም የሌላት ወይ ከወንድሟ የተጣላች ሴት የዛን ቀን በሰው ፊት ባዶ እጇን ነው የምትቆመው። ባል ሲከፋ የሚኬደውም ወንድም ቤት ነው። ስለዚህ አባት ሲሞት ወንድሞች "ሀቅ ትያግ" የሚባል ወረቀት ያመጣሉ፣ ትያግ መተው ነው፣ ሀቅ ደግሞ እዚያ መብት ማለት ነው (ቃሉ ራሱ የኛው ሐቅ ነው፣ ይሄ በጣም ነው የነካኝ)፣ እህቶች ድርሻቸውን ለወንድሞቻቸው የሚለቁበት ሰነድ። ህጋዊ ነው፣ መንግስት ቢሮ ሄዶ ይመዘገባል፣ አንዴ ከተመዘገበ መመለሱ በጣም ከባድ ነው።

ያቺ ምላሷን ነክሳ የምትፈርመዋ ሴት ያኔ አንገቷን ደፍታ አንድ ነገር ተናገረች። ጓደኛዬ ወዲያው አላስተረጎመችልኝም፣ ዝም ብላ ቆየች። በኋላ ስትነግረኝ ሴትየዋ ያለችው ይሄን ነው፣ "እኔ ባለፈው ወር ፈረምኩ። ከዚህ መዝገብ ውጪ ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንድሜ ጎሽ መጻፍ ቻልሽ አለኝ።"

ይሄን አረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ስሟን መጻፍ አስተማሯት፣ ምን ላይ እንደምትጽፈው ግን ማንም አልነገራትም። በአውራ ጣቷ ቢሆን ኖሮም ያው መሬቱ ይሄድ ነበር፣ ግን በዚያ ሩብ ሰአት በተለማመደችው ፊደል መሄዱ፣ ያን ደስታ ይዞባት መሄዱ፣ እስካሁን ያመኛል። ቡድኖቹን የማየውም ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ በኩል ነው። ብድር ብቻ ይዞ የመጣ ቡድን ሴትን ለፊርማ ብቻ ያዘጋጃታል። በ2010 አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ አትራፊ የማይክሮፋይናንስ ድርጅቶች ሴቶችን በቡድን እየያዙ ብድር በብድር ላይ እየጫኑ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ራሳቸውን እስከማጥፋት የደረሱት፣ የክልሉ መንግስትም በዚያው አመት በድንገተኛ አዋጅ ጣልቃ እስኪገባ ድረስ፣ እነዚያም ሴቶች ፈርመው ነበር። ቡድንም ነበራቸው። በዚያው ክልል ደግሞ ኔሎር ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጎልማሶች ትምህርት ሲሰጥ የዱባጉንታ መንደር ሴቶች ፊደሉን እየቆጠሩ ስለራሳቸው ኑሮ ማውራት ጀመሩ፣ የባሎቻቸው ደሞዝ በሙሉ አራክ ቤት (የኛው አረቄ ነው በስሙም) እንደሚቀር፣ እና በ1992 ሻጮቹን ከመንደራቸው አባረሩ፣ ነገሩ እንደ እሳት ተዛምቶ በ1993 ክልሉ አራክን ከለከለ። ሁለቱም ቦታ ሴቶች ተሰብስበው ነበር፣ በአንዱ ግን ወረቀት ቀረበላቸው፣ በሌላው እነሱ ጥያቄ አቀረቡ።

መብትሽን እወቂ ማለት ደግሞ ቀላል አድርጌ እንዳልጽፈው። እዚያው ራጃስታን ውስጥ ጃይፑር በኩል ብሃቴሪ የምትባል መንደር አለች፣ ባንዋሪ ዴቪ የምትባል ሴት የመንግስት የሴቶች ልማት ፕሮግራም የመንደር ሰራተኛ ነበረች፣ በ1992 ገና ጡት ያልተወች ህፃን ሊድሩ ሲሉ ህጉ ይከለክላል ብላ ለማስቆም ሞከረች፣ እና ወንዶች ተሰብስበው ደፈሯት፣ በባሏ ፊት። በ1995 ፍርድ ቤት ተከሳሾቹን ከመድፈር ክሱ ነፃ አላቸው። የሴቶች ድርጅቶች በሷ መነሻነት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው በ1997 ቪሻካ የሚባለው ውሳኔ ወጣ፣ በስራ ቦታ ፆታዊ ጥቃትን የሚመለከት፣ በ2013 ደግሞ ሙሉ ህግ ሆነ። ዛሬ ዴልሂ ቢሮ ውስጥ የምትሰራ ሴት ሁሉ የሚጠብቃት ህግ ከአንዲት የመንደር ሴት መከራ የመጣ ነው፣ የሷ የራሷ ይግባኝ ግን ለብዙ አመታት እልባት ሳያገኝ ቆየ። ስለዚህ ህግ ለማስተማር መንደር የምንሄድ ሰዎች ነግረን በማግስቱ መኪናችን ውስጥ እንገባለን፣ እዚያው የምታድረዋ እሷ ናት። አብሯት የሚቆም ከሌለ አለመንገሩ ይሻላል እንዳልል ደግሞ ዝምታውም ያው እየገደላት ነው። ለዚህ ነው ቡድኑ የሚያስፈልገው፣ ለ20 ሩፒው ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አስራ አንድ ሆኖ ለመቆም። ጉጃራት ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ናሪ አዳላት የሚባል አለ፣ የሴቶች ሸንጎ፣ ዲግሪ የሌላቸው የገጠር ሴቶች መንግስት ቢሮ አጠገብ ቁጭ ብለው የተደበደበችውን፣ የተባረረችውን ይሰማሉ፣ የማሰር ስልጣን የላቸውም፣ ግን ባልየውን ይጠሩታል፣ አማቱን ይጠሯታል፣ ህጉን ይነግሯቸዋል፣ ተከታትለው ቤት ድረስ ይሄዳሉ። ልክ እንደኛ የሽምግልና ወግ፣ ሸማግሌዎቹ ሴቶች መሆናቸው ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ያ ልዩነት ግን ሁሉን ነገር ይቀይረዋል።

የዛን ቀን ለሴቶቹ ስለ እማዬ ነገርኳቸው። አያቴ ያረፈ ጊዜ የቤቱን ድርሻዋን ለወንድሞቿ ለቃ ፈርማለች፣ ህጉማ እኛም ጋር ሴትና ወንድ እኩል ይወርሳል ነው የሚለው፣ ስጠይቃት "ስሞት የሚቀብሩኝ እነሱ አይደሉ እንዴ" ነው ያለችኝ። ጓደኛዬ ይሄን ስታስተረጉምላቸው ሁሉም አንድ ላይ እህ አሉ። አንዷ ተነስታ ሻይ ጨመረችልኝ።

በቀጣዩ ሳምንት ስንሄድ አዲስ ደንብ ጨምረው ጠበቁን፣ ስድስተኛ። ማንኛዋም ሴት ከዚህ መዝገብ ውጪ የሚፈረም ወረቀት ከመጣላት መጀመሪያ እዚህ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሃሳቡን ያመጣችው ያችው የፈረመችው ሴት ናት።

ልንጨርስ አንድ ሳምንት ሲቀረን ከመሃላቸው አንዷ፣ አባቷ በመስከረም የሞተባት፣ ከቀሚሷ ስር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ምራቲቱ አነበበችው። አስቸጋሪ የመንግስት ቢሮ ቋንቋ ነው፣ እየቆመች እየቀጠለች አነበበች። ሴትየዋ "እንደገና" አለች። እንደገና ተነበበ። ከዛ ማንም ፈርሚም አትፈርሚም አላላትም፣ ማይራውን ሁሉም ያውቁታል፣ ወንድሞቿንም ያውቋቸዋል። "የህጓ ሴትዮ እስክትመጣ እዚህ ላስቀምጠው?" ብላ ጠየቀች። ሳጥኑን ከፈቱላት፣ ወረቀቱን ከገንዘቡ ላይ አስቀመጠችው፣ ተቆለፈ፣ ቁልፉን ሌላዋ ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች። እኛ ከመንደሩ ስንወጣ ወረቀቱ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር።