ግማሽ ደቂቃ የሚደርቀው ኮምፒውተር

«አባዬ፣ ደግሞ ስታክ አደረገ!»

ይህችን ቃል ከልጄ አፍ ለ2 ወር ያህል በየምሽቱ ሰምቻለሁ። የቤታችን ኮምፒውተር ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ቀን እኔ የሰዎችን ሒሳብ እሠራበታለሁ፣ ማታ ልጄ የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ድንገት ቀጥ አለ። አልጠፋም፤ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊው ስክሪንም አልመጣም። ዝም ብሎ ደረቀ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ።

እንዲህ ያለ ብልሽት ጭራሽ አልነሳ ካለ ኮምፒውተር ይከብዳል። የሞተውን ተሸክማችሁ ጥገና ቤት ትወስዱታላችሁ፣ እዚያም ሞቶ ይታያል። ይሄኛው ግን ጠጋኙ ፊት ሲቀመጥ ደህና ነው። ቤት ሲመለስ ይደርቃል።

ሲደርቅ የሚያሳየውን ጠባይ በደንብ ልንገራችሁ፤ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነበርና። የማውሱ ቀስት ይንቀሳቀሳል። ግን ምንም ብጫን መልስ የለም። ዘፈን ተከፍቶ ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ ይቀጥልና እሱም ይቆማል። ሲለቅ ደግሞ ስጫን የቆየሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይግተለተላል፤ 4 ጊዜ የጫንኩት ካልኩሌተር 4 ሆኖ ይከፈታል። ያኔ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ይገባኛል። ኮምፒውተሩ እያሰበ ነው፤ ትእዛዜንም እየተቀበለ ነው። የቀረበት ሃርድ ዲስኩ የሚሰጠው መልስ ነው። ቀድሞ ራም (ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚያስታውስበት ክፍል) ላይ የገባ ነገር መንቀሳቀሱን ይቀጥላል፣ ከዲስክ መምጣት ያለበት ግን ተሰልፎ ይጠብቃል።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አስደርገው» አለኝ፤ ዲስኩን አስጠርገህ ዊንዶውስን እንደ አዲስ አስጭን ማለቱ ነው። ሰፈር ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ «ሲ ላይ የሚፈልጉት ፋይል አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲ ዊንዶውስ ያለበት ነው። እኔ ሥራዬን ሁሉ ዲ በሚባለው ሁለተኛ ዲስክ ላይ ስለማስቀምጥ «የለም» አልኩት። ነበር። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ደንበኞቼ በቴሌግራም የላኩልኝ የደረሰኝ ስካኖች ነበሩ። ዳውንሎድ ፎልደር ሲ ላይ መሆኑን አላሰብኩም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ደንበኛ እየደወልኩ «ይቅርታ፣ እንደገና ይላኩልኝ» ማለት ነበረብኝ። አንዱ ወረቀቶቹን ጥሏቸዋል። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ዴስክቶፑን፣ ዳውንሎዱን እና ዶክመንትሱን ሳታዩ «የለም» አትበሉ።

ፎርማት በተደረገ በ2ኛው ቀን ኮምፒውተሩ ደረቀ። ስናደድ ሌላ ነገር አልታየኝም እንጂ አንድ ትልቅ መረጃ አግኝቼ ነበር፦ ንጹሕ ዊንዶውስ ላይም ከደረቀ ችግሩ ከቫይረስና ከፕሮግራም ይልቅ ከዕቃው ጋር ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ አቧራን ጠረጠርኩ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅዬ ኬዙን በረንዳ ላይ ከፈትኩት። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ፋኑን አጸዳሁት። አየር ያግኝ ብዬ የጎኑን ክዳን ሳልገጥም መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። 4 ቀን አንድም ጊዜ አልደረቀም። ለባለቤቴ «አቧራ ነበር» አልኳት። በ5ኛው ቀን ልጅ እጇን እንዳትከት ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ። ማታውኑ ደረቀ።

እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት ከሁሉም በላይ አስተምሮኛል። ክዳን ሲከፈት ዳነ፣ ክዳን ሲዘጋ ታመመ። ማንም ሰው «ሙቀት ነው» ይላል። እኔም አልኩ። ተጨማሪ ፋን ልገዛ ወጥቼ ነበር። ደግነቱ ከመግዛቴ በፊት የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጫንኩ። ፕሮሰሰሩ በሥራ ሰዓት ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አያልፍም። ደርቆ ሲለቅ ወዲያው ሳየውም 54 ነው። እንዲህ ባለ ሙቀት ፕሮሰሰር አይቸገርም። ሐሳቡ ያማረ ነበር፣ ልኬቱ ግን እምቢ አለ። ፋኑን ተውኩት።

ራሙንም ፈተሽኩ። ራም የሚፈትነውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭኜ ማታ ለቀቅኩት። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሄደ። በሁለተኛው ሌሊት ፈተናው እስከ መጨረሻው ሄደ፤ አንድም ስህተት አላሳየም። የተበላሸ ራም ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል ወይም ፕሮግራም ይዘጋል። ግማሽ ደቂቃ ቆሞ በሰላም መመለስ የራም ጠባይ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነው ደብተር የያዝኩት። መጀመሪያ መያዝ የነበረብኝ እሱን ነበር። የልጄን አሮጌ ደብተር ወስጄ 4 ዓምድ አሰመርኩ፦ ሰዓት፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ምን ስንሠራ እንደነበር፣ ፍሪጁ ተነስቶ እንደሆነ። የመጨረሻዋን የጨመርኳት ሰፈራችን መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው፤ ፍሪጁ ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። ልጄም ስትሠራ ትመዘግብ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠነቀቃለች። በ11 ቀን 17 መስመር ሞላን። ፍሪጁ የተነሳበት 3 ብቻ ነው። መብራትን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣሁት።

ደብተሩን ይዤ ኢቨንት ቪወርን ከፈትኩ። ይህ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ የውሎ መዝገብ ነው፤ ስታርት ላይ ስሙን ብትጽፉ ይመጣል። ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ትከፍታላችሁ። ብዙ ቢጫና ቀይ ምልክት ታያላችሁ፤ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይም ሞልቷል። ቁምነገሩ ሰዓቱ ከእናንተ ሰዓት ጋር የሚገጥመውን መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልገጠመም። ለካ እኛ የጻፍነው በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ነው። ደብተሩ «ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2፡14» ይላል። ኮምፒውተሩ ጋ ያ ዲሴምበር 12፣ ከምሽቱ 8፡14 ነው። ሁሉንም 6 ሰዓት እየጨመርኩ ቀየርኩት። ከዚያ እንደገና አነጻጸርኩ። 8፡14 ላይ አንድ ቢጫ ምልክት አለ። የቁጥር መለያው 129 ነው። ምንጩ ስቶርኤኤችሲአይ ይላል፤ ዊንዶውስ ሳታ በሚባለው ገመድ ከተያያዙ ዲስኮች ጋር የሚነጋገርበት ድራይቨር (አገናኝ ፕሮግራም) ነው። መልእክቱ ወደ ዲስኩ የሪሴት («እንደገና ጀምር» የሚል) ትእዛዝ ተላከ ነው የሚለው። ቀጣዩን መስመር አየሁ፤ እዚያም 129። ቀጣዩንም፤ 129። ከ17ቱ 12ቱ ገጠሙ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከደስታ የተነሳ።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን «ይህን አምጣልኝ» ይለዋል። ዲስኩ አይመልስም። ዊንዶውስ ታግሦ ይጠብቃል። የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ መስመሩን ሪሴት ያደርግና እንደገና ይጠይቃል። ያን ጊዜ መልሱ ይመጣል፣ ሁሉም ነገር ይለቃል። ምልክቱ የሚጻፈው ሪሴቱ ሲላክ ስለሆነ፣ እኔ ጋ ሁልጊዜ ደብተሩ ላይ ካለው ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነበር የሚታየው።

ዲስኩ ለምን ዝም ይላል? ሁለት ትልልቅ ምክንያቶች አሉ። ወይ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው፣ ወይ ዲስኩና ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) የሚነጋገሩበት መስመር ታሟል። ምን እንደሚጠብቀኝ ስላላወቅሁ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ። ዲስክ ከተጠረጠረ ምርመራውም ጥገናው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ። እየሞተ ያለ ዲስክን ሳይገለብጡ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) ማስኬድ የቀረችውን ትንፋሽ መጨረስ ነው።

ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩ። ዲስኮች ስለ ጤናቸው ራሳቸው የሚይዙትን ስማርት የሚባል መዝገብ ያነባል። ብዙ መስመር አለው፤ እኔ 4ቱን ብቻ ነው ያየሁት። 05 ዲስኩ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች ይቆጥራል። ሲ5 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ጭራሽ ያልተነበቡትን። እነዚህ 3ቱ እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ ይለወጥ እንጂ ሌላ መላ የለም። የእኔ 3ቱም ዜሮ ናቸው። 4ኛው ሲ7 ነው። እሱ በገመዱ ላይ ሲያልፍ ተበላሽቶ የደረሰን መረጃ ይቆጥራል። የእኔ 402 ይላል። (ፕሮግራሙ ቁጥሩን መጀመሪያ በሄክሳዴሲማል (በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር) ነው የሚያሳየው፤ ከፈንክሽን ሜኑ ውስጥ ወደ ተለመደው አሥር ቤት ቁጥር መቀየር ይቻላል። እኔ ሳልቀይር ከአንዴም ሁለቴ ተሳስቼበታለሁ።)

402 ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሲ7 አንዴ ከቆጠረ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከቀድሞው ባለቤት የወረስኩት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 3 ቀን ጠበቅሁ። 419 ሆነ። መስመሩ ነው።

ኬዙን እንደገና ከፈትኩ። አሁን ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። ቀጭኗን ቀይ የሳታ ገመድ ከዲስኩ እስከ ማዘርቦርዱ ተከተልኳት። ዲስኩ ጋ ያለው ጫፍ ወደ ክዳኑ በኩል ወጣ ብሏል፣ እዚያው ላይ ተጣጥፏል። ክዳኑን ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ቦታው አስጠጋሁት። ገመዷን ይነካል። ይጫናታል። ለካ ያ 4 ቀን የጤና ጊዜ ከአቧራም ከሙቀትም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ክዳኑ ተከፍቶ ስለነበር ገመዷን የሚጫናት አልነበረም። ፋን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ክዳኑን መልሼ እገጥምና ስቃዩ ይቀጥል ነበር።

ለመሞከር ገንዘብ አላወጣሁም። ዲቪዲ ማጫወቻው በዚያው ዓይነት ገመድ ነው የሚሠራው፤ ዲቪዲ ደግሞ ከተጠቀምን ዓመታት አልፈዋል። የእሱን ገመድ ነቅዬ ለሃርድ ዲስኩ ሰጠሁ፣ ወደ ሌላ በኩል አዞርኳት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሶኬት አልቀየርኩም። ሁለቱንም አንዴ ብቀይር የቱ እንዳዳነው አላውቅም ነበር። ክዳኑን ገጠምኩ። በሳምንቱ ሲ7 ያው 419 ነው። 129 የሚል ምልክት አንድም የለም። በኋላ ሲገባ ቀጭ ብሎ የሚይዝ፣ ብረት መቆለፊያ ያለው አዲስ ገመድ ገዛሁ። ዋጋው ከአንድ ሰው ምሳ ያንሳል።

ልጄ ግን ከ3 ቀን በኋላ «አባዬ፣ አሁንም አንዳንዴ ይቆማል» አለችኝ። ልቤ ወደቀ። ደብተሩ አለ አይደል? ከ17ቱ ያልገጠሙ 5 መስመሮች ነበሩ። እነሱን ለብቻ ሳያቸው ግማሽ ደቂቃ የቆየ የለም፤ ሁሉም ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ነው። ሁሉም ደግሞ «ሴቭ ስናደርግ» ወይም «ፋይል ልንከፍት ስንል» የሚል ተጽፎባቸዋል። ዲ የሚባለው ለብቻው ሁለተኛ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ ለ20 ደቂቃ ያልተነካ ዲስክን ያስተኛዋል። ፋይል ሲጠየቅ ዲስኩ መዞር እስኪጀምር መጠበቅ ግድ ነው። ብልሽት አይደለም። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቼ ዲስኩን የሚያስተኛውን ደቂቃ ወደ ዜሮ አወረድኩት፣ አለቀ።

2 የተለያዩ ነገሮች አንድ መልክ ይዘው ነበር የመጡት። ደብተር ባይኖረኝ ገመዱን ቀይሬ አሁንም ሲቆም ሳይ «ገመዱም አይደለም» ብዬ የያዝኩትን እውነት እጥለው ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ከወር በኋላ የባለቤቴ ወንድም «የእኔም ላፕቶፕ ይደርቃል፣ ፎርማት ላስደርገው?» ብሎ ደወለ። ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ወረቀት ይዘህ ለ1 ሳምንት ሰዓቱን ጻፍ፣ እስከዚያው ፎቶዎችህን ገልብጥ አልኩት። ቅዳሜ የሱን ወረቀት ይዞ ሲመጣ አብረን እናየዋለን። ልጄም አለሁ ብላለች፤ 6 ሰዓት መጨመሩን የምትሠራው እሷ ናት።

የእኛ ሲ7 ዛሬ ጠዋትም 419 ነው።