የጣናን ዓሣ ስትመዘግቡ «ነጭ ዓሣ» ብላችሁ አትለፉ

ባሕር ዳር ከአስጋሪዎች ጋር ሆነን የምንሠራውን የዓሣ ምዝገባ ሌላ ቀበሌም ሊጀምረው ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤው በመመላለስ ይገኛል። ዕቃው ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ደብተርና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ስለሚለቅ አይሆንም።

ጣጣው ያለው ቅጹ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሰጠን ቅጽ ሦስት ረድፍ ብቻ አለው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቀረሶም አምባዛም አንድ አንድ ዝርያ ናቸው። ነጭ ዓሣ የምንለው ላቢዮባርበስ ግን፣ አጥኚዎች 15 ያህል ዝርያ የለዩበት ወገን ነው፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም፤ 8ቱ ደግሞ ዓሣ በል ናቸው። ሁሉም በአንድ ረድፍ ሲደመር አንዱ ዝርያ ቢመናመንም ሌላው ስለሚተካው ኪሎው ላይ ላይታይ ይችላል። ይህን ስናስረዳ ያገኘነው መልስ «ለሪፖርት አይመችም» የሚል ነው። ለማን ነው የማይመቸው? እስካሁን ያናድደኛል።

የራሳችንን ረድፍ ጨመርን። ቀለም ከሞተ በኋላ ስለሚለወጥ የምናየው ጭንቅላቱን ነው። ከላቢዮባርበስ ዝርያዎች ሜጋስቶማ አፈ ሰፊ ነው፤ ኔድጂያ ከንፈሩ ሥጋማ፣ ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ትልቅ፣ ክራሲባርቢስ ጢሙ ወፍራም፤ ጎርጓሪ ከጭንቅላቱ ኋላ ይጎብጣል። ጫጩቱን መለየት ስለሚያስቸግር «ያልተለየ» ብላችሁ ፎቶ አያይዙ፤ የግምት ስም ደብተሩን ያበላሻል። ፎቶው በግራ ጎኑ ይሁን፤ ማስመሪያ ከሥሩ ይጋደም፤ አፉን ከፍታችሁ አንድ ድገሙ።

የምዝገባ መመሪያው ዓሣው ከታንኳ የሚወርድበት ማራገፊያ ላይ መዝግቡ ይላል። እኔ አልስማማም። እዚያ ስትደርሱ ብዙው ዓሣ ተቆራርጦ ወይም ፊሌት ሆኖ ጭንቅላቱ ተጥሏል። ታንኳው ዳር ሳይደርስ፣ ቢላዋ ሳይነካው ያዙት። ርዝመቱ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ ድረስ ይለካል፤ የጅራቱን ጫፍ መረብ ስለሚቀደው አያስተማምንም። ቅርጫቱን ካረጠባችሁ በኋላ ለብቻው መዝኑና ቀንሱ።

ለናሙና የሚቀመጥ ዓሣ ካለ፣ መጀመሪያ ከክንፉ ቁራጭ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ፤ ፎርማሊን የተባለው የማቆያ ኬሚካል ዲኤንኤ ያበላሻል። (ካቲካላ ይተካዋል የሚሉ አሉ፤ አይተካም፣ ደካማ ነው።) ከዚያ ሆዱን በቀኝ ጎን ሰንጥቃችሁ አንድ እጅ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበረዘው ውስጥ ንከሩት። ጓንት አድርጉ፤ ቤት ውስጥ አትሥሩ።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አትዘናጉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የሚወጡት ያን ጊዜ ነው፤ ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ እንቁላል የያዙትን በአንድ ሌሊት ያፍሳል። ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚጨምርም አለ። የመረቡን የዓይን ስፋት፣ የዓሣውን ፆታና የእንቁላሉን ሁኔታ ጻፉ። ሪፖርቱ ላይ የወንዙ ስም ይበቃል፤ ቢጠይቋችሁም የመራቢያውን የጂፒኤስ ነጥብ አትስጡ። መረብ ዘርጊውም ሪፖርት ያነባል።