ሁለት ጊዜ የታተመ ዝናብ

ማተሚያ ቤታችን የግድግዳ ካላንደር ታዞ ነበር። ደንበኛው ከአውሮፓና ከጃፓን 13 ሠዓሊዎችን መርጠዋል፤ ጳጉሜም አልተረሳችም። ቅደም ተከተሉ በልደት ዘመን ነው። በ1471 ከተወለደው ጀርመናዊ ዱረር ይጀምራል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ፕሩፉን (የሙከራ ሕትመቱን) በላክን ማግስት ስልክ ተደወለ። «አንድ ሥዕል ሁለት ገጽ ላይ ደግማችሁብኛል!» ዲዛይነራችን ቁጣ አይወድም። «እሺ፣ አንዱን አወጣዋለሁ» ብሎ ዘጋው።

ከሥዕሎቹ ሥር የሚገባውን ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ገጾቹን አስቁሜ አየሁ። ሚያዝያ ላይ ያለው ጃፓናዊው ሂሮሺጌ በ1857 ያወጣው፣ በተቀረጸ እንጨት የታተመ ሥዕል ነው። ድንገተኛ ዝናብ፣ የእንጨት ድልድይ፣ ጎንበስ ብለው የሚሮጡ ሰዎች፣ ወንዙ ላይ ግንድ የሚነዳ አንድ ሰው። ነሐሴ ላይ ያለው ደግሞ ሆላንዳዊው ቫን ጎግ በ1887 ፓሪስ ሆኖ ያንኑ በዘይት ቀለም የሠራው ነው። ቀለሙን አድምቆታል፤ ዙሪያውንም ከሌሎች ሕትመቶች በገለበጣቸው የጃፓን ፊደላት ከቦታል። እሱና ወንድሙ የጃፓን ሕትመት በመቶዎች ሰብስበው ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔም ዢቨርኒ በምትባል መንደር ያለውን ቤቱን በዚሁ ሕትመት ነው የሞላው። እንግዲህ ከካላንደሩ ውስጥ የማይወጣ ገጽ ቢኖር ይሄ ነው።

ደንበኛው መጡ። ሁለቱን ፕሩፎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋንላቸው። እኔ ስለ ቫን ጎግ ላስረዳ ስል የማሽን ክፍሉ ጋሼ ቀደሙኝ። መነጽራቸውን አድርገው የሂሮሺጌን ዝናብ ያያሉ።

«ይሄን ክር የሚያህል መስመር እንጨት ላይ ያወጣው ማነው?»

ጥያቄው የባለሙያ ነው። ቫን ጎግ ዝናቡን በብሩሽ ጫረው፣ አለቀ። የጃፓኑ ግን መስመሩ ጎልቶ እንዲቀር ዙሪያው ያለው እንጨት ሁሉ ተፍቆ መነሳት አለበት። ይሄን ደግሞ የሠራው ሂሮሺጌ አይደለም። እሱ ንድፉን በስስ ወረቀት ይሰጣል፤ ቀራጩ ወረቀቱን እንጨት ላይ ገልብጦ ይለጥፍና ይቀርጻል። ለየቀለሙ ሌላ እንጨት አለ። አታሚው ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት አልብሶ፣ ከጀርባው በእጁ ያሻል። ማሽን የለም። ወጪውን የሚችለው አሳታሚው ነው።

«እኛም ለየቀለሙ ፕሌት፣ የማተሚያ ሰሌዳ ነው የምናወጣው» አሉ ጋሼ ወደ ደንበኛው ዞረው። «አንዱ ቀለም ከቦታው ትንሽ ከሳተ ምን እንደሚመስል ያውቁታል አይደል? እነዚህ በእጅ ነው ያላሳቱት።»

ደንበኛው ከዚያ በኋላ ስለ መደገም አላነሱም። ይልቅ «እንግዲያው ጎን ለጎን ይሁኑልኝ፣ ክረምት ላይ» አሉ። ሂሮሺጌ ወደ ሐምሌ ተዛወረ፤ በመካከል የነበሩት ማኔ፣ ደጋና ሞኔ አንድ አንድ ወር ቀደሙ። የልደቱ ቅደም ተከተል ተበላሸ፤ ማንም ደንታ አልሰጠውም።

እኔም ከሥሩ የአሳታሚውን የኡዎያ ኤይኪቺን ስም ጨመርኩ፤ ቀራጩንና አታሚውን በሥራቸው ጠቀስኩ። ቦታ ስለጠበበ ፊደሉ አነሰ። ዲዛይነራችን እስካሁን ያጉረመርማል።