አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው መጽሔቶች ጎንደር ላይ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለጥምቀት ሲመጣ ከሻንጣው ግማሹን የሞላው በወረቀት ነበር። 37 አሮጌ መጽሔት። ሁሉም «ድራጎን» የሚባለው መጽሔት እትሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1988 የወጡ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። «አንተ ከልጅነትህ ተረት ትወዳለህ። እኔ ቤት አቧራ ከሚጠጡ አንተ ጋ ይሁኑ» አለኝ።

የምሠራው ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስነካ ነው የምውለው። እንደዚህ ያለ ወረቀት ግን ነክቼ አላውቅም። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ሽታው የአያቴን የዳዊት መጽሐፍ ያስታውሳል። ሽፋኑ ላይ ጦረኛ፣ የፈረሰ ግንብ፣ ክንፍ ያለው አውሬ። እኛ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር ሲወጋው የምናየው ደራጎን ነው፤ ስሙም ያው ነው።

መጽሔቱ የሚያወራው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። የመጀመሪያውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት፤ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። «ድራጎን» መጽሔት በ1976 ሰኔ ጀመረ፤ በወረቀት መታተሙን ያቆመው በ2007 መስከረም፣ በ359ኛው እትም ነው። አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንዱ አጫዋች ይሆናል። ሌሎቹ አንድ አንድ ሰው ፈጥረው በእሱ ስም ይናገራሉ። አጫዋቹ «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ ይመልሳል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል።

እንቆቅልሽ ሲጫወት ያደገ ሰው ይሄ አይከብደውም። «አገር ስጠኝ» ሲሉት «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። ከተማው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ተቀባዩ ግን ጎንደር ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንዳገኘ ይናገራል። እኛ ሳናውቀው ስንጫወተው ኖረናል።

ንባቡን የጀመርኩት በተርታ ነበር፤ ከመጀመሪያው እትም፣ ከመጀመሪያው ገጽ። ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ምንም አልገባኝም። ጸሐፊዎቹ አንባቢው ሕጉን አስቀድሞ ያውቃል ብለው ነው የሚጽፉት። ሠንጠረዥ ላይ ሠንጠረዥ ይደረድራሉ።

መንገዱ የተከፈተልኝ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽ ሳነብ ነው። አንዱ «ይህ ሕግ አይሠራም» ብሎ ይጽፋል። ሌላው በሚቀጥለው እትም «ይሠራል፣ እኛ እንዲህ አድርገን ተጫውተነዋል» ይለዋል። ሦስተኛው ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ይላል። ያኔ ገባኝ። ሰዎቹ የት ጋ እንደሚቸገሩ ደብዳቤው ይነግርሃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እትም ከደብዳቤው ጀመርኩ። ቀጥሎ ከ1979 ጀምሮ ይወጣ የነበረውን «ሴጅ አድቫይስ» የተባለ የጥያቄና መልስ ዓምድ፣ ከዚያ ጽሑፎቹን። ማስታወቂያውን ለመጨረሻ ተውኩት። እሱም ግን ደስ ይላል፤ በፖስታ የሚላኩ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ጦረኞች፣ አውራ ጣት የማያክሉ።

ለክረምቱ አምስት የሰፈር ልጆች ሰበሰብኩ። ትልቁ 17፣ ትንሿ 14 ዓመቷ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ።

ያለ ዳይስ ጨዋታ የለም። የሉዶው ባለ ስድስት ፊት ነው፤ ይህ ጨዋታ ባለ ሃያ ፊት ይፈልጋል። ፒያሳንም ቅዳሜ ገበያንም ዞሬ አጣሁ። ለአክስቴ ልጅ ስደውልለት አንድ ነገር ነገረኝ። በ1979 አሳታሚው ዳይስ አጥሮት በጨዋታው ሣጥን ውስጥ ቁጥር የታተመበት ካርቶን ይከት ነበር። ገዢው ቆራርጦ ኩባያ ውስጥ ጨምሮ ዕጣ ያወጣል። እኔም የኮፒ ወረቀት የሚመጣበትን ካርቶን ቆራረጥኩ፤ ከ1 እስከ 20 ጻፍኩና ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት።

አንድ ሰዓት ከተጫወትን በኋላ ትንሿ ልጅ እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ 20 ቁጥርኮ ከወጣች ቆየች። አልተመለሰችም።» እውነቷን ነው። የወጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እየተውን ነበር። ትልልቆቹ ቁጥሮች መጀመሪያ ወጥተው አልቀው፣ ኋላ የሚጫወተው ትንንሾቹን ብቻ ያወጣል። የወጣ ቁጥር ወዲያው ጣሳ ውስጥ ይመለስ፣ ጣሳው ይናጥ። ይህን ግድግዳ ላይ ጽፈን ለጠፍን።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። የጨዋታውን ሕግ የወሰድኩት በነጻ ከወረደ አዲስ ደንብ ነው። አውሬዎቹን ደግሞ ከድሮው መጽሔት። አንዱን አውሬ ለሦስት ቅዳሜ አስወራሁላቸው። ከዋሻው ጭስ ይወጣል፣ የገባ አይመለስም፣ እረኞች መንገድ ቀይረው ነው የሚሄዱት። ልጆቹ ተዘጋጁ። ገመድ ገዙ፣ ችቦ ገዙ፣ ተማከሩ። ደረሱ። የመጀመሪያው ልጅ 4 ቁጥር አወጣ። እንደ ሕጉ ያ ቁጥር አውሬውን መታው። ሁለተኛዋ 3 አወጣች፣ መታችው። አምስቱም መቱት። አውሬው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይናከስ ሞተ። ቤቱ ጸጥ አለ። ትልቁ ልጅ ቀስ ብሎ «በቃ?» አለኝ።

ሌሊቱን መጽሔቶቹን ዘርግቼ ምክንያቱን ፈለግኩ። በድሮው ሕግ የመከላከያ ቁጥር፣ ማለትም አንድን ሰው ወይም አውሬ መምታት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው፣ ሲያንስ ነው የሚጠነክረው። ምንም ያልለበሰ ሰው 10 ነው። ሙሉ የብረት ልብስና ጋሻ ያለው 2 ይሆናል። ከዜሮ በታች የሚወርድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የጨዋታው ሦስተኛ እትም ይህን ገለበጠው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሆነ የሚጠነክረው። የእኔ አውሬ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2 ነበር። በድሮው ሕግ የሚያስፈራ፣ በአዲሱ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሚመታው። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ የድሮውን ቁጥር ከ20 ላይ ቀንስ። 2 የነበረው 18 ይሆናል። ከዜሮ በታች 2 የነበረው 22። መጽሔቱ የትኛው ሕግ በሚሠራበት ዘመን እንደታተመ ሳያዩ ከውስጡ ምንም መውሰድ አይገባም። እኔ አሁን በእያንዳንዱ ሽፋን ጀርባ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ አውሬው እንደገና ይነሳ ወይስ ሞቶ ይቅር ብዬ ጠየቅኩ። ይቅር አሉ። ግን የአውሬውን ግልገሎች እያሳደገች ያለች እናት አለችው ብለው ራሳቸው ጨመሩ። ከኔ ዝግጅት ሁሉ ያ ይሻል ነበር።

በዚያው ሰሞን የአንዷ ልጅ እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆሙ። ሽፋኑን አይተዋል። «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥንቆላ ነው?» አሉኝ። አልተቀየምኩም። አሜሪካም በ1980ዎቹ ብዙ ወላጅ ጨዋታውን ከሰይጣን ጋር አያይዞት ነበር፤ በ1989 የወጣው የጨዋታው ሁለተኛ እትም የአጋንንቱን ስም እስከ መቀየር ደርሷል። «እትዬ፣ ገብተው ይዩልኝ» አልኳቸው። ገቡ፣ ቡና ቀረበላቸው፣ እስከ ሦስተኛው ሲኒ ቆዩ። «ማነው የሚያሸንፈው?» «ማንም አያሸንፍም፤ ተረት ነው። አድማጩም ይናገራል እንጂ።» ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አስማተኛ የሚለውን ስም ቀይሩት» አሉ። ጥበበኛ አልነው። ዛሬም ጥበበኛ ነው የምንለው።

ከ37ቱ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል ቁጥር 72ን አስቀራለሁ፤ የ1983 ሚያዝያ እትም። ከዋሻ ጣሪያ እንደ ድንጋይ ተንጠልጥሎ በሚያልፍ ሰው ላይ ስለሚወድቅ ፍጥረት የተጻፈ አለበት። ጸሐፊዎቹ በእውነት የሚኖር እንስሳ ያህል ነው የሚያዩት። ምን ይበላል? እንዴት ይኖራል? እንደ ቀንድ አውጣ ያለ ነገር አድርገው አስረዱት። ሳነበው የራሳችን ጅብ ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ከአንገረብ በኩል ሲጮህ እየሰማን ተኝተን ነው ያደግነው። ስለሱ ግን ምን እናውቃለን? አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። አጥንት እንዴት እንደሚሰብር፣ ኩሱ ለምን ነጭ እንደሚሆን፣ መንጋው እንዴት እንደሚኖር።

ያኔ አንዱ ልጅ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ ባለእጅ እናስገባ አለ። አይሆንም አልኩት። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ ሲሸጡ የምናያቸው እናቶች አሉ። በዚህ ቃል ብዙ ባለሙያ ተገልሏል፣ ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት አልቅሷል። ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና በባለእጁ ፈንታ እሱ የሠራውን ማረሻ የሰረቀ ሌባ አመጣ።

የውጭ አገሩን የዋሻ ካርታም ተውነው። ካርታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ለምን አስፈለገን? የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ገደማ የሚሆን አጥር አለው፤ 12 በር አለው። በሮቹ ደግሞ በስማቸው ሥራ ይናገራሉ። ወንበር በር የዳኞች ነው። እንቢልታ በር የሙዚቀኞች። ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ። በየበሩ ማን ይቆማል፣ ማንን ያሳልፋል? ይሄ ብቻ ስድስት ቅዳሜ አጫወተን።

ወንበር በር ላይ ዘበኛ ሆንኩ። ማታ ነው፣ አላሳልፍም አልኩ። ትልቁ ልጅ ጣሳውን ሳበ፤ ዕጣ አውጥቶ ሊያሳምነኝ። ትንሿ እጁን ያዘችው። ተነሳች። ነጠላ ስለሌላት ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣለችና እንደ ድሮ ተሟጋች ቆመች።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ!»

«በሩ የዳኛ ነው ካልከኝ፣ ለምን ተዘጋ፣
ፍርድ የለመነ ሰው ውጭ አድሮ እስኪነጋ?»

ከአያቷ ነው የለመደችው። በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ያዩ ሰው ናቸው። ምን ልበል? በሩን ከፈትኩት። በደብዳቤዎቹ ገጽ ላይ ይነታረኩበት የነበረ ነገር ነው ይሄ፤ የተጫዋቹ ንግግር ይብለጥ ወይስ የዳይሱ ቁጥር? እኛ ቤት ተናግሮ ያሳመነ ዕጣ አያወጣም።

ክረምቱ ሲያልቅ የራሳችንን መጽሔት አወጣን። ስምንት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ 12 ኮፒ፤ ለወረቀቱ የከፈልኩት ከደሞዜ ነው። የጅቡ ጽሑፍ ገጽ 3 ላይ ነው። በሳምንቱ አንድ ደብዳቤ በበሩ ሥር ገባልኝ፤ ከደብተር የተቀደደ፣ በትንሿ ልጅ ጽሕፈት። «ለአዘጋጁ» ይላል። «መንጋውን የሚመራው ትልቁ ወንድ ነው ብለው ጽፈዋል። የባዮሎጂ መምህሬን ጠይቄ ነበር። የሚመሩት ሴቶቹ ናቸው። እርማት ይውጣልኝ።»

እርማቱ በሁለተኛው እትም ወጥቷል። ደብዳቤዋም ሳይቆረጥ፣ ገጽ 1 ላይ።